«ትረስት» የተባለው የእንግሊዝ ቃል ወደ ኢጣልያንኛ ሲመለስ

ከእንግሊዝ ቃላት መካከል ተርጓሚዎችን እጅግ ካስቸገሩት አንዱ «ትረስት» የሚለው ነው። ቃሉ ሦስት ነገር ይናገራል። መጀመሪያ፥ ሰው በሰው ላይ ያለውን መታመን፤ ሁለተኛ፥ አንዱ በስሙ ይዞ ለሌላው ጥቅም የሚጠብቀውን ንብረት፥ ይኸውም በአማርኛ አደራ ከሚባለው ጋራ የሚቀራረበውን፤ ሦስተኛ፥ የንግድ ማኅበሮች ገበያውን ለብቻቸው ለመያዝ የሚያደርጉትን አንድነት። እንግሊዛዊው ሦስቱን በአንድ ስም ሲጠራ ኢጣልያዊው ለእያንዳንዱ ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነበት። በዚህም ፍለጋ ውስጥ የአንድ አገር ሕዝብ ዕድል የገባበት ጊዜ ነበረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሁለተኛው ትርጕም ታሪክ ከመነኮሳት ጋራ የተያያዘ ነው። የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት በ1224 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር በገቡ ጊዜ ሥርዓታቸው ርስት እንዳይኖራቸው ይከለክላቸው ነበር። ነገር ግን ማደሪያና ጸሎት ቤት አስፈላጊ ስለ ሆነ፥ በጎ አድራጊዎች መሬቱን በከተማው ሰዎች ስም አድርገው መነኮሳቱ እንዲገለገሉበት ሰጡ። የሕግ ታሪክ ሊቅ ፍሬደሪክ ዊልያም ሜትላንድ እንዳስረዳው፥ ይህን የመሰለው አሠራር ለ«ትረስት» ሕግ ማደግ አንዱ ምክንያት ሆነ። የንጉሡ ዳኞች ርስቱን በስሙ የያዘውን ብቻ ባለቤት አድርገው ያውቁ ስለ ነበር፥ ባለ አደራው ቢክድ ተበዳዩ መሄጃ አልነበረውም። አቤቱታውም ወደ ቻንስለሩ ዘንድ ደረሰ። በዚያ ዘመን ቻንስለሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ጳጳሳት ነበሩና፥ ነገሩን በሕሊና መርምረው መሬቱ በአንዱ ስም ቢሆንም ፍሬው የሌላው እንደ ሆነ መፍረድ ጀመሩ።

ኢጣልያ የሮማ ሕግ ወራሽ ስለ ሆነች ቃል አልጐደላትም። «ፌዴ» ሃይማኖትንና ታማኝነትን፥ «ፊዱቻ» መታመንን ይገልጣሉ፤ «ፌዴኮሜሶ» ደግሞ ሟች ንብረቱን ለሌላ እንዲያስተላልፍ ለወራሹ የሚተውለት የኑዛዜ አደራ ነው። ዳሩ ግን መኳንንቱ ርስታቸው ከቤታቸው እንዳይወጣ ማሰሪያ ስላደረጉት፥ የ1865 ዓ.ም. የኢጣልያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ዐይነት ኑዛዜ ከለከለ። ከስሙም ይልቅ የባሰው እንቅፋት በነገሩ ላይ ነበረ። በኢጣልያ ሕግ ባለቤትነት አንድ ሲሆን፥ በእንግሊዝ ግን ለሁለት ተከፍሎ ስሙ ለአንዱ ጥቅሙ ለሌላው ይሆናል። ሦስተኛው ትርጕም በበኩሉ ሳይተረጐም ገባ። በ1882 ዓ.ም. በአሜሪካ የዘይት ነጋዴው ሮክፌለርና ጓደኞቹ የብዙ ማኅበሮችን አክስዮን በጥቂት ባለ አደራዎች እጅ ሰብስበው ስታንዳርድ ኦይል ትረስትን ስላቆሙ፥ «ትረስት» የሚለው ስም በኢጣልያንኛም ገበያን ለሚያንቅ የነጋዴዎች አንድነት መጠሪያ ሆነ። ክፉው ትርጕም ከነስሙ ሲገባ መልካሙ ስም አጥቶ በደጅ ቀረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቃሉ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. የተጻፈው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር፥ ገና ራሳቸውን ላልቻሉ አገሮች «ትረስቲሽፕ» የሚባል አስተዳደር አቆመ። የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ሞግዚትነት በሚል ቃል ገለጠው፤ በአማርኛም «የሞግዚት አስተዳደር» ተባለ። ጠቅላላው ጉባኤ በኖቬምበር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. የቀድሞዋ የኢጣልያ ሶማልያ ለ10 ዓመት በኢጣልያ አስተዳደር ቆይታ ነፃ እንድትወጣ በወሰነ ጊዜ፥ ኢጣልያኖች የሞግዚትን ስም ትተው «አምሚኒስትራጽዮኔ ፊዱቻሪያ» የሚለውን መረጡ። ሞግዚት የሚለው ስም ሕዝቡን እንደ ልጅ ያስቈጥራል፤ ይህኛው ግን አገሩ የሌላ እንደ ሆነና ያዢው መልስ መስጠት እንዳለበት ያሳስባል። ነገር ግን «ፊዱቻሪዮ» በፋሺስት ዘመን የፓርቲው የሰፈር አለቃ መጠሪያ ነበረ። በ1935 ዓ.ም. ከሶማልያም በኩል ጦር የዘመተባት ኢትዮጵያ የኢጣልያን መመለስ አጥብቃ ተቃውማ ነበር፤ ትናንት በኃይል የገባው ዛሬ «የታመነ» ሲባል መስማት ለጐረቤት ቀላል አልነበረም።

አደራውን ያጠበቀው የስሙ ማማር አልነበረም። የመመለሻው ጊዜ አስቀድሞ ተቈርጦ ነበር፤ ከኮሎምቢያ፥ ከግብጽና ከፊሊፒንስ የተውጣጣ አማካሪ ጉባኤ በሞቃዲሾ ተቀምጦ ይመለከት ነበር፤ ኢጣልያም ለተባበሩት መንግሥታት የሥራዋን መልስ ትሰጥ ነበር። በአፕሪል 1950 ዓ.ም. የተጀመረው አስተዳደር በጁላይ 1 ቀን 1960 ዓ.ም. አለቀ፤ ሶማልያም ነፃ ወጣች።

የሕግ ሊቃውንቱ ፍለጋ ግን ገና አላበቃም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ስለ «ትረስት» በሔግ ከተማ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተጻፈ፤ ኢጣልያም በኦክቶበር 16 ቀን 1989 ዓ.ም. በወጣው በ364ኛው ሕግ ተቀበለችው። ያን ጊዜ «ፊዱቻ» ወይም «ፌዴኮሜሶ» አላሉም፤ «አሜን»ና «ሃሌ ሉያ» በግዕዝ መጻሕፍት ሳይተረጐሙ እንደ ቀሩ፥ «ትረስት» የሚለውን ቃል እንዳለ ተዉት።

የአማርኛ ተናጋሪ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ሲል ይተርታል። ለዚህ ነገር ስም ማውጣት ለሊቃውንት ቢቻላቸውም፥ ትርጕሙ የሚፈጸመው ጠያቂ ዳኛ ሲኖርና ተቀባዩ በቀኑ ሲመልስ ነው።