አንድ ውል በሁለት ቋንቋ

በእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ የወረደ ዝናም ከሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ ያዘነበለው በቀበና በኩል ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን በሙገር በኩል ከዓባይ ይገባል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውልም እንደዚሁ ነው። ተዋዋዮቹ በአንድ ስፍራ ተቀምጠው ይፈርሙታል፤ ትርጉሙ ግን ወደየአገሩ ሲወርድ ይለያያል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ምኒልክ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. መባቻ የኢጣልያ መንግሥት ይህንኑ አንቀጽ ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀ። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ነው። መንገሣቸውንም ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ቢጽፉ፥ ጉዳዩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል እንዲሆን የሚያመለክት መልስ መጣላቸው።

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ የሚነገረው ቃል «ፕሮቴክቶሬት» ነው። ለጆሮ ሲሰሙት መልካም ነው፤ ከጥበቃ የወጣ ቃል ነውና። ነገር ግን በአገራችን ጠባቂ ማለት ለባለቤቱ የሚያገለግል ዘበኛ ነው፤ በመንግሥታት ሕግ ግን ጠባቂው በተጠባቂው ቤት ላይ ጌታ ይሆናል። ምኒልክ ይህን ባስተዋሉ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ቃል ብቻ ባይሆንም፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከፈሰሰው ደም ጋራ ስሙ ተያይዞ ቀረ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውልም የውጫሌን ውል ሻረ።

ከድሉ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች መጡ። ምኒልክ በሰጡት መሬት ላይ ከእንጦጦ በታች በየካ የሌጋሲዮን ግቢ ተተከለ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. የእንግሊዙ እንደራሴ ጆን ሌን ሃሪንግተን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረመ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም የታመኑ ሆኑ፤ ይህም የውጫሌ ትምህርት ነው። ሆኖም ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ዓባይ፥ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ ሲናገር እንግሊዝኛው «አሬስት» የሚል ቃል አገባ፤ ትርጓሜውም መግታት፥ ማቆም ነው። አማርኛው ግን ወንዙን «ተዳር እዳር የሚደፍን» ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ይላል።

በወንዝ ዳር ያደገ ገበሬ ልዩነቱን ያውቃል። ውሃ መጥለፍ ሌላ ነው፤ ውሃ መድፈን ሌላ ነው። የጠለፈ ሰው ማሳውን አጠጥቶ የቀረውን ይለቃል፤ የደፈነ ግን ለታችኛው ጎረቤት አንዲት ጠብታ አያስቀርለትም። በ2003 ዓ.ም. በዓባይ ላይ የግድቡ ሥራ ሲጀመር፥ ግብፅ ይህን የ1894 ውል እየጠቀሰች ተከራከረች። የኢትዮጵያም ወገን የተከለከለው ፈጽሞ መድፈን እንጂ መጠቀም አይደለም ብሎ መለሰ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውሃውም መብራት የሚሰጠውን መኪና አዙሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል።

እንግዲህ የመንግሥትና የሕግ ቃል በባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው ፍቺውን ብቻ ይዞ አይቅር። ቃሉ ሥልጣኑን ለማን እንደሚሰጥና ከማን እንደሚወስድ ይጠይቅ፤ በገዛ ቋንቋውም ሚዛን ይመዝነው። ብራና ላይ አንድ መስመር የማትሞላ ቃል ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅን ለክርክር ትጠራለችና።