ስለ አስፈሪ ሥዕልና ስለ ወሎ ረኃብ

አንባቢ ሆይ፤ በአውሮጳ «ጎቲክ» የሚባል የሥዕል ወገን አለ። ስሙ አስቀድሞ የካቴድራል አሠራር ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ጨለማን፥ መቃብርንና ድንጋጤን ለሚሥሉ ሰዎች ሥራም ይሰጣል። ብዙዎቹ የሚሥሉት ተመልካች ደንግጦ በድንጋጤው እንዲደሰት ነው፤ ይህ ልቤን አይወስደውም።

የእኛ የጥንት ሠዓልያን አስፈሪውን ነገር የሣሉት ለሌላ ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ክፋት በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ወዲያው ይለያል።

እንግዲህ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን በዚህ ሥርዓት የሚሥል ሰው ቢነሣ፥ አንዱን ዓይን ለማን ይሰጥ ነበር? ዝናብ ቀረ፤ ሰብል ጠፋ፤ ከብት አለቀ፤ የተራበውም ሕዝብ ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ፈሰሰ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ ያን ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልወጣም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። የራበው ሰው ሰብሉንና ከብቱን ስላጣ መግዣ አልነበረውም፤ እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። እህል የጫነ መኪናና እህል ያጣ ሰው በአንድ አውራ ጎዳና! እኔ ከዚህ የሚያስፈራ ሥዕል አላውቅም፤ ቀንድ ያለው ጋኔን ግን በውስጡ የለም።

ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ በ1966 ዓ.ም. የረኃቡን ሰለባዎች በሣለ ጊዜ፥ የሣለው ሰውን ነው። ይህን አከብርለታለሁ።

ፊልሙ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ያነሣበት ፊልም ለእንግሊዝ ሕዝብ የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። በእኛ ቴሌቪዥን የታየው ከ11 ወር በኋላ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ሲሆን፥ ደርግም የቤተ መንግሥቱን ግብር ከረኃብተኞቹ ጋር አቀላቅሎ አሳየው። እነሆ አንዱ ዓይን ለንጉሠ ነገሥቱ ተሰጠ። ረኃቡን መደበቅ በደል ነበርና ፍርዱን ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን ጢሰኛውን ያስከፈለው ባለርስት፥ እህሉን የጫነው ነጋዴ፥ ገዝቶ የበላውም ከተሜ ከሥዕሉ ውጭ ቀሩ።

ከ10 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፥ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎ ዳግመኛ ረኃብ ነበር። ያን ጊዜ ድግሱንና ረኃቡን አቀላቅሎ ያሳየ ፊልም በቴሌቪዥናችን አልታየም።