አሥራ ሦስት ተጫዋቾች፣ አርባ ሰባት ግጥሚያዎች

ሜይ 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. ፓራማታ የተባለችው መርከብ ከሲድኒ ተነስታ ከሦስት ወር በላይ በባሕር ላይ ከቆየች በኋላ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለችው ግሬቭዘንድ ወደብ ደረሰች። ከእሷ የወረዱት 13 ክሪኬተኞች የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። ከአውስትራሊያ ተነስቶ ወደ እንግሊዝ የተጓዘ የክሪኬት ቡድን ከእነሱ በፊት አልነበረም።

አብዛኞቹ በአውስትራሊያ የምትገኘው የቪክቶሪያ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል ሰዎች ናቸው። አባቶቻቸው የኖሩበት ምድር በነጭ ሰፋሪዎች ተወስዶ የበግ እርባታ ሆኗል፤ እነሱም እዚያው በጉልበት ሥራ ሲኖሩ ነው ጨዋታውን የለመዱት። ቶም ዊልስ የተባለ ስመ ጥር ተጫዋች አሠለጠናቸው፤ በ1866 ዲሴምበር 26 በሜልበርን ትልቁ ሜዳ በሕዝብ ፊት ቀረቡ። በተከታዩ ዓመት ግን ገንዘብ አወጣለሁ ብሎ የተዋዋላቸው ሰው ሳይከፍል ቀርቶ ሲድኒ ላይ ተንገላቱ። ከዚያ ቡድን በበሽታ የሞቱም አሉ። ወደ እንግሊዝ የወሰዳቸው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሎውረንስ ሲሆን፣ አሠልጣኝም አምበልም እሱው ነበር።

ያረፉበት ጊዜ አጭር ነው። በሜይ 25 ለንደን ውስጥ ኦቫል ሜዳ ላይ ከሰሪ ቡድን ጋር ገጠሙና ተሸነፉ። ከዚህ ግጥሚያ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ በጠቅላላው 47 ግጥሚያ ተደረገ። አንዱ ግጥሚያ ብቻውን ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሲያልቅ በባቡር ወደሚቀጥለው ከተማ ነው። ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው ስህተቱን የሚያርመው በልምምድ ነው፤ ለልምምድ ግን ጊዜ አልተተወላቸውም።

የበለጠ የከበደው የሰው ቁጥር ማነስ ይመስለኛል። ኪንግ ኮል የሚሉት ብሪፑምያሪሚን የሳንባ ሕመም ይዞት በጁን 24 ለንደን በሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው በባዕድ አገር ነው። በኦገስት ሁለት ተጫዋቾች ታመው ወደ አገራቸው ተላኩ። የቀሩት አሥር፣ ከሎውረንስ ጋር አሥራ አንድ። ክሪኬት ደግሞ በአሥራ አንድ ሰው የሚጫወቱት ነው! ያመመውም የተጎዳውም ተነስቶ ከመሰለፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ግጥሚያው ሲያበቃ ሥራቸው አያበቃም። አዘጋጆቹ ገቢ ስለሚፈልጉ ቡመራንግና ጦር እንዲወረውሩ፣ እንዲሽቀዳደሙ ያደርጓቸዋል። ዲክ-ኤ-ዲክ የሚባለው ጁንጉንጂናኑኬ ጠባብ ጋሻና ቆልማማ ዱላ ይዞ ይቆማል፤ ተመልካቾች ጠንካራውን የክሪኬት ኳስ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ይወረውሩበታል። ወደ አካሉ የመጣውን በጋሻው፣ ወደ እግሩ የመጣውን በዱላው ይመልሳል። ዱላው ዛሬም በሎርድስ ክሪኬት ሜዳ ሙዚየም አለ። ችሎታው ያስደንቃል፤ ሲጫወት የዋለን ሰው ማታ የኳስ ዒላማ ማድረግ ግን ያሳዝናል።

በዚህ ሁሉ መሐል 14 አሸነፉ፣ 14 ተሸነፉ፣ 19 ያለ አሸናፊ ተለያዩ። ሸክሙን የተሸከሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ጆኒ ሙላግ፣ በእናት ቋንቋው ኡናሪሚን። ኳሱን የመታ ተጫዋች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ የሚያስቆጥረውን ራን ይሉታል፤ ሙላግ በጉዞው 1,698 ራን አስቆጠረ። ኳስ ወርውሮም 245 ተጋጣሚዎችን ከጨዋታ አስወጣ። በታዋቂው ሎርድስ ሜዳ ቡድኑ ቢሸነፍም እሱ በአንድ ዙር ብቻ 75 ራን አግኝቷል።

የተመለሱት በ1869 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ቪክቶሪያ ነባር ሕዝቦች የት እንደሚኖሩና የት እንደሚሠሩ መንግሥት የሚወስንበትን ሕግ አወጣች። ከእንግሊዝ ባገኙት ልምድ አዲስ ቡድን የሚያቋቁሙበት ዕድል ተዘጋ፤ ለእኔ ከሽንፈቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ሙላግ በ1879 ከሎርድ ሃሪስ የእንግሊዝ ቡድን ጋር ለቪክቶሪያ አንድ ጊዜ ተሰልፎ በ1891 አረፈ። ከ2020 ጀምሮ በሜልበርን በየዓመቱ ዲሴምበር 26 በሚጀመረው ግጥሚያ ምርጥ ለሆነው ተጫዋች የሚሰጠው ሜዳልያ በስሙ ይጠራል።