ማረሻ በቀሐና በወገራ ደጋ፦ አሠራሩና ጥገናው

ቀሐ የጎንደርን ከተማ በምዕራብ በኩል አልፎ፣ ከአንገረብ ጋር ወደ መገጭና ወደ ጣና የሚወርድ ወንዝ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰፈርም በስሙ ይጠራል። ከዚህ ሸለቆ አንሥቶ እስከ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ድረስ መሬቱ ዛሬም በአብዛኛው የሚታረሰው በጥንድ በሬ በሚጎተት ማረሻ ነው። እንጨቱን ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል፤ ብረቱን የአካባቢው ቀጥቃጭ ያወጣዋል።

ብረቱ በእርፉ ጫፍ ይሰካል። ግራና ቀኝ ያሉት ድግሮች አፈሩን ወደ ጎን ይገፋሉ፤ ወገል ከማረሻው ጋር አጥብቆ ይይዛቸዋል። ሞፈሩ ከእርፉ ተነሥቶ ቀንበሩ ድረስ ይዘልቅና በምራን ይታሰራል። ሞፈርና እርፍ በሚገናኙበት ቦታ ሽብልቅ ይገባል፤ ሽብልቁን በመምታት ወይም በማላላት የብረቱ አፍ ወደ መሬት እንዲደፋ ወይም ቀና እንዲል ይደረጋል። ጥልቀቱ የሚስተካከለው እዚያው ማሳ ላይ፣ በድንጋይ ምት ነው። ድግር ወይም እርፍ ቢሰበርም ወይራ ወይም ባሕር ዛፍ ቆርጦ መተካት መጥረቢያ ላለው ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ብረቱን ያወጡ የነበሩት በተለይ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ናቸው። ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ በብረትና በሸክላ ሥራቸው የታወቀች መንደራቸው ነበረች። አገሩ ባወጡት ማረሻና ማጭድ እየበላ እነሱን ግን «ቡዳ» ይላቸው፣ ከርስትም ያርቃቸው ነበር፤ ይህ ሳይሸፋፈን ሊጻፍ የሚገባው ግፍ ነው። አብዛኞቹ ከ1977ቱ የሙሴ ዘመቻ እስከ ግንቦት 1983ቱ የሰሎሞን ዘመቻ ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ዛሬ የቀጥቃጩ ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከመኪና ውዳቂ ይገኛል። ያረጀ ባሌስትራ ተቆርጦ ከሰል ፍም ውስጥ ይገባል፤ ወናፉ እየተነፋ እስኪቀላ ይጠበቃል፤ ከዚያ በጉጠት ተይዞ ይቀጠቀጣል። ቅርጽ ሲይዝ ጫፉ ብቻ ውሃ ይነከራል። ሁለንተናው ቢነከር ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል፤ ጨርሶ ካልተነከረ ደግሞ ቶሎ ይዶለዱማል። ያለቀ ማረሻም አይጣልም፣ ጫፉ ላይ ብረት ተቀጥሎ ይሞረዳል። ለማሰሪያም የተተለተለ ካላማዳሪ የቆዳ ጠፍርን ቦታ እየያዘ ነው።

ማረሻው ድክመት አለው። ትልሙ ጠባብ ስለሆነ በመሀል ያልታረሰ መሬት ይቀራል፤ ስለዚህ ማሳው እየተመላለሰ አግድም ቁልቁል ይታረሳል፣ ለጤፍማ ከአምስት ጊዜ በላይ የሚደገምበት አለ። ያም ሆኖ ከውጭ የመጡት ከባድ የብረት ማረሻዎች ሊተኩት አልቻሉም፤ ለበሬው ይከብዳሉ፣ ሲሰበሩም የሚጠግናቸው በቅርብ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ውሃ ለሚተኛበት የዋልካ መሬት ሁለት ባህላዊ ማረሻዎችን አጣምረው ቢቢኤም የተባለ መደብ ማውጫ ሠሩ፤ መነሻቸው ገበሬው የሚያውቀው ዕቃ መሆኑ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ለደጋው አዲስ ማረሻ የሚነድፍ መሐንዲስም ሥዕሉን ከመጨረሱ በፊት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ ቢያማክር ይበጀዋል።