የኳስ ሜዳ ስድብና የእንግሊዝ ሕግ

በእንግሊዝ አገር እግር ኳስን በደመወዝ መጫወት በ1885 ከተፈቀደ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥቁር ሰው ወደ ሙያው ለመግባት ብዙ ዘመን አልፈጀበትም፤ ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት የተወለደው በረኛው አርተር ዋርተን ገና በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ለሮዘራምና ለሼፊልድ ዩናይትድ ደመወዝ እየተቀበለ ተጫውቷልና። ስለዚህ የእንግሊዝ ተመልካች ጥቁር ተጫዋችን የሰደበው መልኩ እንግዳ ስለ ሆነበት ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን በሚገባ የመረመሩት አይመስለኝም። ለብዙ ዘመን ሳይታይ የቆየው ጥቁር ተጫዋች ሳይሆን፣ ስድቡን በደል ነው ብሎ የሚፈርድ ሕግ ነው።

በጽሑፍ ተመዝግበው ከቆዩልን የቀደሙ ታሪኮች አንዱ የዋልተር ተል ነው። አባቱ ከባርቤዶስ ደሴት የመጣ አናጢ፣ እናቱም የኬንት አውራጃ እንግሊዛዊት ነበሩ፤ ሁለቱም በልጅነቱ ስለ ሞቱበት በምሥራቅ ለንደን በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። በ1909 ቶተንሃም አስፈረመው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቡድኑ ወደ ብሪስቶል ወርዶ ሲጫወት፣ ከተመልካቹ አንዱ ወገን በወጣቱ ላይ የስድብ መዓት አወረደበት። ጨዋታውን ይከታተል የነበረ አንድ ጋዜጠኛ የስድቡን አስነዋሪነት ገልጦ፣ ወጣቱ በጨዋነቱም በአጨዋወቱም ለነጮቹ ተጫዋቾች ሁሉ አርአያ ሊሆን የሚገባው መሆኑን መሰከረ። ይህ ምስክርነት ግን በጋዜጣ ገጽ ላይ ከመቅረት በቀር ያመጣው ፍሬ አልነበረም፤ ተሳዳቢዎቹ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደ ልማዳቸው በመቆሚያቸው ሲቆሙ፣ ተሰዳቢው ግን ብዙ ሳይቆይ ከዋናው ቡድን ወደ ተጠባባቂው ወረደ፣ በ1911ም ወደ ኖርዝሃምፕተን ተሸጠ። በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ፣ የጊዜው የጦር ደንብ የመኮንንነትን ማዕርግ ለንጹሕ የአውሮፓ ዘር ብቻ የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ፣ በ1917 መኮንን ለመሆን በቃ፤ መጋቢት 25 ቀን 1918 በፈረንሳይ ምድር ወደቀ፤ ዐፅሙም አልተገኘም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪብያን ደሴቶች የፈለሱት ሰዎች ልጆች አድገው በ1970ዎቹ የየክለቡን ማሊያ መልበስ በጀመሩ ጊዜ፣ ስድቡ የአንድና የሁለት ሰካራም አፍ መሆኑ ቀርቶ፣ በግራና በቀኝ እንደ ቆሙ መዘምራን በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ የሚቀባበለው ዜማ ሆነ። በቅዳሜ ቀን የዝንጀሮ ድምፅ ማሰማትና ሙዝ መወርወር ከጨዋታው ሥርዓት እንደ አንዱ ተቈጠረ። ዌስት ብሮምዊች አልቢዮን ሎሪ ካኒንግሃምን፣ ሲሪል ሬጂስንና ብሬንደን ባትሰንን አሰልፎ ታኅሣሥ 30 ቀን 1978 ማንቸስተር ዩናይትድን በገዛ ሜዳው 5 ለ 3 ባሸነፈ ዕለት፣ ሕዝቡ ሦስቱ ኳስ በነኩ ቍጥር ሲጮኽባቸው፣ በቴሌቪዥን ጨዋታውን ያስተላልፍ የነበረው ጄራልድ ሲንስታት ነገሩን ሳይሸፍን መናገሩ እንደ ትልቅ ድፍረት ታይቶለታል፤ ባልደረቦቹ ጆሮ እንደሌላቸው ሆነው ማለፍን ለምደው ነበርና። ሬጂስም በ1982 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ፣ የዌምብሌይን ሣር ብትረግጥ ይህ በጕልበትህ ያልፋል የሚል ዛቻ ከአንድ ጥይት ጋር በፖስታ ደረሰው።

በዚያ ዘመን መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው ምክር ታገሥ የሚል ብቻ ነበር። ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው ቪቭ አንደርሰን ሲተርክ፣ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ወደ ካርላይል ሄዶ ሰውነቱን ሊያሟሙቅ በሜዳው ዳር ሲሮጥ ሙዝና ሌላም ፍራፍሬ ስለ ወረወሩበት ተመልሶ ከወንበሩ ቢቀመጥ፣ አሠልጣኙ ብራያን ክለፍ እንደገና እንዲወጣ አዘዘው፤ ሲመለስም ሁለት ፒርና አንድ ሙዝ ይዞለት እንዲመጣ ነገረው። ክለፍ ልጁን ይወደው ነበር፤ ለተሳዳቢ ከተረታ በሙያው እንደማይዘልቅ አስቦ እንደ መከረውም አንደርሰን ራሱ በምስጋና ይናገራል። ቢሆንም፣ ትዕግሥት በአበው ዘንድ ምንም ያህል ታላቅ ምግባር ብትሆን፣ ተበዳዩን ታገሥ እያሉ መምከርና በዳዩን ተው ብሎ አለመገሠጽ ከፍትሕ የራቀ ነው።

የዚህ ፍርድ ጉድለት ወሰን ያጣው በፖል ካኖቪል ላይ ይመስለኛል። ሚያዝያ 12 ቀን 1982 ለቼልሲ የመጀመሪያ ጨዋታው ሆኖ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ ተቀይሮ ሊገባ ሲሟሟቅ ከበስተኋላው የዘር ስድብ ሰማ፤ የባላጋራ ደጋፊዎች ናቸው ብሎ ዘወር ቢል፣ የሚጮኹበት ሰዎች የለበሱት እንደ እርሱ ሰማያዊ ነበር።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ሕጉን የወለደው የተሰደቡት ሰዎች እሮሮ እንዳልሆነ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ሜዳ በደረሰው መጨናነቅ 97 ሰዎች ለሞት በመብቃታቸው፣ ምክንያቱን እንዲመረምር የተሾመው ዳኛ ቴይለር በጥር 1990 ባወጣው መግለጫ፣ ስለ መቀመጫና ስለ አጥር ከጻፈው ብዙ ነገር ጋር፣ በሜዳ ውስጥ የዘር ስድብ በወንጀል እንዲያስቀጣ አሳሰበ፤ በ1991ም የእግር ኳስ ወንጀሎች ሕግ ወጣ። በእርሱም ሦስተኛ አንቀጽ የተከለከለው በኅብረት የሚደረግ ጩኸት ነበር፤ ይኸውም ቃሉን ወይም ድምፁን ደጋግሞ የሚያሰማው ሰው ከሌላ ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር ተባብሮ ሊገኝ ይገባ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ለብቻው ቆሞ ጉሮሮው እስኪነቃ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ቢሳደብ በዚህ አንቀጽ አይያዝም፤ ጎረቤቱ ከተቀበለው ግን ሁለቱም ይከሰሳሉ። ይህ ቀዳዳ እስኪደፈን ስምንት ዓመት ፈጀ፤ በ1999 የወጣው ማሻሻያ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ጋር የሚል ቃል አገባበት።

ከመንግሥት ቀድመው የተነሡ ተራ ደጋፊዎችም ነበሩ፤ ምስጋናው ለእነዚህ በቂ ሆኖ አልተጻፈላቸውም። በ1980ዎቹ ናሽናል ፍሮንት የተባለው የዘረኞች ማኅበር ወጣቶች ቡልዶግ የሚባል ጋዜጣ እያሳተሙ በየሜዳው በር ይሸጡ ነበር፤ የየትኛው ክለብ ደጋፊ በስድብ እንደሚበልጥ በደረጃ ሠንጠረዥ እያወጡም ደጋፊዎችን ያፎካክሩ ነበር። በሊድስ ከተማ ጋዜጣው ከሚሸጥበት በር ቆመው የተቃውሞ ወረቀት ማደል የጀመሩት የክለቡ የራሱ ደጋፊዎች ናቸው፤ ዱላ ሊያስከትልባቸው እንደሚችልም ያውቁ ነበር። የዘር እኩልነት ኮሚሽንና የተጫዋቾች ማኅበር ዘረኝነትን ከእግር ኳስ እናስወጣ ብለው በ1993 ያወጁት ዘመቻ፣ በኋላም ኪክ ኢት አውት የተባለው ድርጅት፣ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው በጠረጉት መንገድ ነው የሄዱት።

ከእንግሊዝ ውጭ ያለው ዳኝነት ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ የቴዎድሮስ ገብረ ሥላሴ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ የቼክ ተወላጅ ሲሆኑ፣ እርሱ በ2011 ለቼክ ብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ሰኔ 8 ቀን 2012 በአውሮፓ ዋንጫ፣ በፖላንድ በቭሮትስዋፍ ከተማ ቡድኑ ከሩሲያ ጋር ሲጫወት የሩሲያ ደጋፊዎች ሰደቡት። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ስለዚህ ነገር በሩሲያ ፌዴሬሽን ላይ የፈረደው መቀጮ 30,000 ዩሮ ነበር። በዚያው ውድድር ኒክላስ ቤንትነር የተባለው ዴንማርካዊ አጥቂ ጎል ካገባ በኋላ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ የቁማር ኩባንያ ስም የተጻፈበትን የውስጥ ልብሱን በማሳየቱ 100,000 ዩሮ ሲቀጣ፣ ከአንድ ጨዋታም ታገደ፤ ማስታወቂያ የሚሸጥ ማኅበር የትኛውን ነውር አብልጦ እንደሚጸየፍ ከዚህ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ቴዎድሮስ በዚያው ክረምት ወደ ጀርመን ተሻግሮ ለቬርደር ብሬመን ፈረመ፤ እስከ 2021ም በዚያው ክለብ ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ።