ከደባርቂ እስከ መቅደላ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ያረሙት ድክመትና ያላረሙት

የነገሥታት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በድላቸው ነው። የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ጠባይ ለመረዳት ግን ከሽንፈታቸው መጀመር ይበጃል። ሽንፈቱ የደረሰባቸው ገና ካሣ ኃይሉ ይባሉ በነበረበት ዘመን፣ በ1840 ዓ.ም.፣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ነው።

የካሣ የትውልድ አገር ቋራ ከዛሬው ገዳሪፍ ግዛት ጋር የሚዋሰን ቆላ ነው። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን ከያዙ ወዲህ ጦራቸው ወደዚህ ጠረፍ ይገፋ ነበር። በሽፍትነት ዘመናቸው ድንገተኛ ወረራና የግል ጀግንነት ደጋግሞ ስለ ቀናቸው፣ ካሣ የግብፆችን ምሽግ በዚያው ልማድ ገጠሙ። ነገር ግን መድፍ የያዘና በሥርዐት የሠለጠነ ጦር በድፍረት ብቻ የሚፈታ አልሆነም፤ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ።

በደባርቂ የተገለጠው ድክመት በጀግንነት ላይ ብቻ መታመን ነበር። ካሣ ይህንን ከጠላታቸው ተምረው አረሙት። ወታደሮቻቸውን በአዲስ ሥርዐት ለማሠልጠን ጣሩ፤ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባና በአይሻል፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል አድርገው ነገሡ። ከነገሡም በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የደባርቂ ትምህርት የመጨረሻ ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ድክመታቸው ቍጣ ነበር። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል ተገደሉ። ንጉሡን በምክር የሚያበርዱ ሰዎች በዚህ ዓይነት ከአጠገባቸው ጠፉ፤ ለቤል ደም የተወሰደው በቀልም እጅግ የከፋ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለደብዳቤያቸው መልስ ባዘገየ ጊዜ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ይህም የናፒየርን ጦር አመጣ።

ንጉሡ ቍጣቸውን ሳያውቁት አልቀሩም፤ በቍጣ ያሰሯቸውን ይቅርታ የጠየቁበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ጸጸታቸው ዘወትር ከሥራው በኋላ ይመጣ ነበር። ከእሮጌ ውጊያ ዋዜማ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ። ከውጊያው በኋላ ግን አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

የሁለቱ ድክመቶች ዕጣ የተለያየበት ምክንያት ከዚህ ይታያል። በደባርቂ ስሕተቱን በግልጥ ያሳያቸው ባላጋራ ነበረ፤ ካሣም ገና ለመማር የሚገደዱ የጠረፍ አለቃ ነበሩ። ዘውድ ከጫኑ በኋላ ግን ቍጣቸውን ደፍሮ የሚገሥጽ አልተገኘም፤ የሚሰሟቸውም ጥቂት ሰዎች ቀድመዋቸው ሞቱ። መድፍ በባለሙያ እጅ ይሠራል፤ ቍጣን የሚገታ መካሪ ግን ከጋፋት የሚገኝ አልነበረም።