ሁሉም የዶሮ እልቂት ፈንግል አይደለም፡- የሳልሞኔላ አጭር ታሪክ

በአዳማና በአካባቢው ዶሮዎች በጅምላ ሲያልቁ በሽታው ብዙውን ጊዜ ‹‹ፈንግል›› ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሊጠሩ ይችላሉ። አንደኛው በቫይረስ የሚመጣው ኒውካስል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የዶሮ ታይፎይድ ነው።

አንዱን በሽታ ከሌላው መለየት ያስቸገረው አርሶ አደሩን ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ ‹‹የአሳማ ኮሌራ›› የተባለው ወረርሽኝ መንስኤ ሲፈለግ፣ ቴዎባልድ ስሚዝ ከታመሙ አሳማዎች አንድ ባክቴሪያ አገኘ። አሳማዎቹን የሚገድለውም ይኸው ነው ተባለ። ሆኖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወረርሽኙ ትክክለኛ መንስኤ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። በስሚዝ አለቃ በዶክተር ዳንኤል ሳልሞን ስም የተሰየመው ባክቴሪያ ግን ራሱን የቻለ የእንስሳትና የሰው በሽታ አምጪ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ከ2,500 በላይ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ይታወቃሉ። የአንጀት ተስቦ አምጪው የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነው። የዶሮ ታይፎይድ አምጪው በዋናነት ዶሮን ያጠቃል። ሌሎች በርካታ ዓይነቶች ግን በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በወተትና በተበከለ ውኃ ወደ ሰው ተሻግረው ተቅማጥ፣ ትውከትና ትኩሳት ያስከትላሉ።

ለአዳማ ቅርብ በሆነችው ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቋመ። የፋኩልቲው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ሳልሞኔላን በእርድ እንስሳት፣ በቄራ ሠራተኞችና ለሽያጭ በቀረበ ሥጋ ላይ አግኝተዋል። ጤነኛ የሚመስል እንስሳም ሆነ ሰው ባክቴሪያውን ሊሸከም ይችላል።

በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ለኒውካስልም ለዶሮ ታይፎይድም ክትባት ያመርታል። ሆኖም አንዱ ክትባት ሌላውን በሽታ አይከላከልም። በብድር የገዛቸውን ቄብ ዶሮዎች ለኒውካስል ብቻ ያስከተበ አባል በታይፎይድ ሲያልቁበት ‹‹ክትባት አይረባም›› ሊል ይችላል። ጥፋቱ ግን የክትባቱ ሳይሆን የበሽታው ስም አለመለየት ነው። ከዚህም በላይ ከታይፎይድ የተረፈች ዶሮ በሽታውን በኩሷና በእንቁላሏ ወደ ሌሎች ዶሮዎችና ወደ ጫጩቶች ታስተላልፋለች።

ስለሆነም ዶሮ ሲሞት የተረፉትን ፈጥኖ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለጎረቤት ማዳረስ ነው። የሞተውን አርቆ መቅበር፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅና መንስኤውን በላቦራቶሪ ማስለየት ይገባል። በቤትም እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ወተትን ማፍላት፣ እንቁላልንና ሥጋን በሚገባ ማብሰል የቤተሰብን ጤና ይጠብቃል።